አሥራ ሁለቱ ከዘራ

ሆኪ ተጫዋች ነበርኩ ባልኩ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ይለኛል። አምስት ጨዋታ ተጫወትን፣ አምስቱንም ተሸነፍን። ይኸው ተናገርኩ፤ ተገላገልኩ። አገር ከአገር በሚጋጠምበት የወጣት ወንዶች የሆኪ ውድድር ላይ ከሁሉም መጨረሻ የወጣነው እኛ ነን። በመዝጊያው ቀን የጨዋነት ዋንጫ ሰጥተውናል፤ ዳኛ ሲያፏጭብን አንገታችንን ደፍተን ስለምንቆም ይመስለኛል። የማይበቅል ሣር ውኃ ሲጠጣ ያየሁትም እዚያ ነው። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሆኖ ሳለ ከየጨዋታው በፊት በትልልቅ ቧንቧ ያርከፈክፉበታል። ይህን ለገበሬው አባቴ ስነግረው «ምን ያበቅላል ብለው ነው?» አለኝ።

እኔ ማውራት የምወደው ግን ስለ ሽንፈቱ አይደለም። ዱላዎቻችን ከሰፈሬ ከፉሪ ተነሥተው አዲስ አበባ ጀሞ እንዴት እንደደረሱ ነው።

ቡድናችን አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች የተለቃቀመ ነበር። የሱሉልታዎቹ ሯጮች ናቸው፤ ትንፋሻቸው አያልቅም፣ ችግራቸው ኳሱን ኋላ ጥለውት መሮጣቸው ነው። የቡራዩዎቹ አሰልጣኛችን ስፖርት የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። በሰበታ በኩል ደግሞ እኔና በረኛችን አለን። በረኛችን ከደቡብ መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ጴንጤ ነው፤ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ጎሉ መሐል ተንበርክኮ ይጸልያል። አንድ ቀን ጸሎቱ ረዘመና ዓይኑን ሳይገልጥ ጎል ገባበት። «አሜን» ብሎ ተነሣና ኳሱን ከመረቡ ውስጥ አወጣ።

የምንለማመደው ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ያለን ንብረት አሰልጣኙ ከአንድ የውጭ አገር እንግዳ በስጦታ ያገኛቸው አሥራ አራት ዱላዎችና አንዲት ነጭ ኳስ ናቸው። ኳሷ ባሕር ዛፉ ውስጥ ከገባች ልምምዱ ያበቃና ፍለጋው ይጀምራል።

አሰልጣኙ አንድ ቃል አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ ገና። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የዱላ ጨዋታ ገና ነው፤ ቆልማማ ዱላ ይዘህ ጥንጓን በመጣችበት ጎን ትለጋታለህ፣ ማንም ምንም አይልህም። የሆኪ ዱላ ግን ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጀርባው ድቡልቡል ነው፤ በጀርባው ኳስ የነካ ጥፋተኛ ነው። ይህ በሽታ የእኔ ነበር። ኳሷ በግራዬ ከመጣች እጄ ሳያማክረኝ በጀርባው ይለጋታል። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፍቶ ፊቱ ይቀላል። «ይሄ ገና አይደለም! ሆኪ ነው! ዓለም አቀፍ ስፖርት ነው! ማንም ቢጠይቃችሁ ሆኪ ነው የምትሉት!» ይላል። እኛም እሺ አልን፤ ይህ እሺታችን በኋላ ጉድ አድርጎናል።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። ከተማዋ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ካርታ ላይ ተስለዋል ተባለ። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን በሰፈራችን አልነበረም። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ፉሪ ላይ የአባቴ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ከአዲሶቹ ቤቶች አጥር ጋር ተፋጦ ቆሟል። አባቴ በየማለዳው እየሄደ አጥሩ ቀረብ ብሎ እንደሆነ በእርምጃ ይለካ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከተማሪዎቹ ጋር ተይዞ ነበር። አባቴ ዋስ ሆኖ ፈርሞ አስወጣው፤ በሳምንቱ መልሰው ወሰዱት። አትጨነቁ፣ በኋላ በሰላም ወጥቶ ዛሬ ሰበታ ላይ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ቦርጩም ከእኔ ይበልጣል። ያኔ ግን ይህን አናውቅም። አባቴ ያቺ ፊርማው እንደ እሾህ ተሰክታበት ቀረች። «የልጅ ስም ያለበት ወረቀት ላይ ሁለተኛ አልፈርምም» አለ። እሱ ደግሞ ያለውን ነው የሚያደርገው። በአካባቢያችን ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ቀድሞ የሚጠራው በዚህ ነው። ለልጁ እንኳ አይዋሽም። ትንሽ ሆኜ መርፌ ሊያስወጋኝ ሲወስደኝ «ያምመኛል?» ብለው «አዎ፣ ያምምሃል» ያለኝ ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ ውድድሩ በሚሄደው አውሮፕላን ላይ ለመውጣት ሁለት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አንደኛው ቅዳሜ ጀሞ ላይ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር በሚደረገው የመምረጫ ጨዋታ መመረጥ ነው። ሁለተኛው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላኝ፣ የአባቴ ፊርማ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ባነሣሁበት ቁጥር አባቴ ተነሥቶ ከብቶቹን ሊያይ ይወጣል።

ከቡራዩ ያለው መንገድ አላስተማምን ስላለ አሰልጣኙ ዱላዎቹን ቀደም ብሎ እኛ ቤት አምጥቷቸው ነበር፤ ፉሪ ለጀሞ ቅርብ ነው። በፉሪና በጀሞ መሐል ግን ኬላ ቆመ። ወታደሮቹ የሚያልፈውን ሁሉ ይፈትሻሉ፤ ወጣት ይዞት የተገኘ ዱላ ይወሰዳል። ሐሙስ ዕለት እኔና በረኛው ለሙከራ ሁለት ዱላ ይዘን ሄድን። አንድ ቀጭን ወታደር አስቆመን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሆኪ ነው» አልኩ፣ በኩራት።

«ሆኪ ምንድን ነው?»

በረኛው ላስረዳ አለ። «ወንድሜ፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነን ዱላ እንይዝና...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወታደሩ ሊሰማ አልፈለገም።

«ኳስ ነው የምንጫወትበት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ኳሱስ?»

ኳሷ አሰልጣኙ ጋ ቡራዩ ናት። ወታደሩ ሁለቱን ዱላ ከመንገዱ ዳር በተከመረው የዱላ ክምር ላይ ወረወራቸውና በእጁ ወደመጣንበት አመለከተን። ያን ዕለት ሁለተኛ ያለ ኳስ ከቤት እንደማልወጣ ለራሴ ማልኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ራሱ ዞሮ ዞሮ ፉሪ ደረሰ። አባቴ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጅራፍ ይገምድ ነበር።

«ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?»

«ነጋ። ና ግባ፣ ተቀመጥ።»

አሰልጣኙ ቁጭ ሳይል ሆዱን ዘረገፈው። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ሁለት ሁለት እየሆኑ ማለፍ ይችላሉ፤ ዱላው ነው የማያልፈው፤ ዱላ ከሌለ ጨዋታ የለም፤ ነገ አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ካልተገኘን ሌሎች ተመርጠው ይሄዳሉ። አባቴ እየሰማ ጅራፉን ገመደ። ሲጨርስ «አንዱን አምጣና ልየው» አለኝ።

ከጆንያው መዝዤ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ቆልማማው ጫፍ እጁ ውስጥ እስኪገባ ወደ ላይ አዞረው፣ መያዣውን መሬት አስነካው፣ ተደገፈበት። ከዚያ ግቢውን አንድ ዙር ዞረ፣ ሰው የመከረ ሽማግሌ ከመንደር ሲመለስ በሚሄደው አካሄድ።

«ይሄ ከዘራ ነው» አለ።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ ዱላውን አየው።

«ስንት ቀርቷል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ጀሞ አጠገብ፣ ለቡ ለቅሶ አለብን። የዕድራችን ሰው እህት ሞታበታለች። ሰኞ ልንሄድ ነበር፣ ነገ እናደርገዋለን። አሥራ ሁለት ሽማግሌ አላጣም።»

«እና ኬላው ላይ ለቅሶ ነው ይላሉ ማለት ነው?» አለ አሰልጣኙ፣ ዓይኑ እየበራ።

«እንላለን ብቻ አይደለም፣ እንደርሳለን» አለ አባቴ። «የማልሄድበትን ሄድኩ አልልም።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ደግሞ አንተ፣ እንዳይመስልህ። ዱላ እይዛለሁ እንጂ አልፈርምም።»

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ግቢያችን ሞሉ። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው። ሁለት ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ትቶ መሄድ አለበት። ሽማግሌ ዱላውን ተው ማለት ሱሪህን ተው ከማለት አይተናነስም። አንዱ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ከእጃቸው እንዳልተለየ ተናገሩ። ሌላው ያለ እሱ ለመናገር አፋቸው እንደማይታዘዝላቸው ነገሩን። አባቴ የራሱን የወይራ ከዘራ ሄዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ቀሪዎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉት። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱት አዛውንት፣ ደማቅ ሮዝ ዱላ ደረሳቸው። እናቴ አይታ አላስቻላትም፤ ጥቀርሻ አምጥታ ቀባችው። በኋላ ሜዳ ላይ ያንን ዱላ የያዘው የሱሉልታ ልጅ ፊቱን በጠረገ ቁጥር እየጠቆረ ሄደ።

እኔ የታላቁ አዛውንት ደጋፊ ተባልኩ፤ የሐሙሱ ወታደር እንዳያውቀኝ ጋቢ እስከ ቅንድቤ ተከናነብኩ። ኬላው ላይ ያው ቀጭን ወታደር ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ አባቶች። ወዴት ናችሁ?»

«ለቅሶ» አለ አባቴ።

ወታደሩ ኮፍያውን አስተካክሎ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለና መንገድ ለቀቀ። አሥራ ሁለት የሆኪ ዱላ አስፋልቱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ አለፈ። ሳቄ ጋቢዬ ውስጥ ሊያፍነኝ ደረሰ።

ለቡ ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። አባቴ ግን ለቅሶ ካለ ለቅሶ ነው፤ ደረስ ብሎ መውጣት የለም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ሟቿን አነሱ፣ አመሰገኑ፣ ጸለዩ። ነፍሮ መጣ። ሐዘንተኛው ያን ሁሉ ሽማግሌ ሲያይ ልቡ ተነካና ምሳ ሳትቀምሱ አትወጡም አለ። አባቴ በስንት ልመና ምሳውን አስቀረ። ሦስት ተኩል ሆነ። ከታላቁ በፊት ማንም አይነሣም፤ ታላቁ ደግሞ ጥቀርሻ በተቀባው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አንቀላፍተዋል። የሚቀሰቅሳቸው ጠፋ። እኔ ነፍሮ እንደማነሣ አስመስዬ በክርኔ ነካ አደረግኳቸው። ነቁና «አዎ፣ ጥሩ ሴት ነበረች» ብለው መልሰው ተኙ። የዚያን ጊዜ ለቅሶዬ የእውነት ነበር።

ሜዳው ጋ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። አሰልጣኙ ከአዘጋጆቹ ጋር እየተሟገተ ድምፁ ሰልሏል፤ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ተሰልፈዋል። አሥራ ሁለት ሽማግሌ በሰልፍ ሜዳው ውስጥ ሲገቡ አንዱ አዘጋጅ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለካ መሬቱ ይገባናል ሊሉ የመጡ መስሎት ነው። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ገልብጠው ለልጆቹ አደሏቸው። ታላቁ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ መረቁ፤ እነ አባቴ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያሉ ተቀበሉ። በረኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ምርቃት ከእሱ ጸሎት ረዝሞ አገኘው። አባቴ የእኔን ዱላ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልልም። የአዲስ አበባ ልጆች አንድ አግብተውብን ሳለ ኳሷ በግራዬ መጣች። እጄ አላማከረኝም። በጀርባው ለጋኋት፣ መረብ ገባች፣ ዳኛው አፏጨ፣ ጎሉ ተሻረ።

ከዳር ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ተነሡ። «ገብቷል እኮ! እኛ አይተናል!» አሉ ታላቁ፤ እንቅልፋቸው የት እንደገባ እንጃ። አባቴ ሜዳውን አቋርጦ ዳኛው ጋ ሄደ። ከእግሬ በታች ያለው መሬት ቢውጠኝ በወደድኩ። ዳኛው ዱላውን እያገላበጠ አስረዳው፤ አባቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሶ «ሕጉ እንዲያ ነው። ልጁ አጥፍቷል» አለና ተቀመጠ። እነሱም ተቀመጡ። ክፉኛ ተናደድኩበት። በንዴቴ ቀሪውን ጨዋታ እንደ እብድ ሮጥኩ፤ ሁለቱን ጎል በዱላው ፊት ያገባሁትም በዚያ ንዴት ነው።

አሰልጣኙ የተመረጡትን ሲያነብ የመጨረሻው የእኔ ስም ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ የሜዳውን ሣር ይነካካል። «ለከብት ጥሩ ነበር» አለ። ስለ ፊርማ ቃል አልተነፈሰም።

ዱላዎቹ አዲስ አበባ እንዲቀሩ ተወሰነ። መሐላዬ ትዝ ስላለኝ ኳሷን ለምኜ ኪሴ ከተትኩ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ አንዳንዱ ወደኋላ፣ አንዳንዱ ወደ ደረቱ እያጣመረ፣ ወደ ፉሪ መንገድ ጀመርን። ታላቁ ትከሻዬን ተደግፈዋል። ፀሐዩ በርትቶ ጋቢዬን አውልቄያለሁ። ስህተቴ ይሄ ነበር።

«አንተ!» አለ ቀጭኑ ወታደር። «የሐሙሱ አይደለህም?» ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየ። «አባቶች፣ ጠዋት ከዘራ ይዛችሁ አልነበረም?»

«ለቅሶ ቤት ረሳነው» አሉ አንዱ።

«አሥራ ሁለታችሁም?»

ሌሎቹ ወታደሮች ከጥላው ሥር እየተነሡ መጡ። እኔ ጉዳዩን ላቃልል ብዬ፣ ሐሙስ የጠየቀውን ማስረጃ ላሳይ ብዬ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ኳሷን መዘዝኩ። በዚያ ወቅት፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ ነጭና ድፍን፣ በእጅ ልክ የሆነ ነገር ይዞ እጅን ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የጠመንጃውን ድምፅ ስሰማ ነው። አልተተኮሰም፤ ተቀባበለ።

«ድንጋይ ነው! ጣለው!»

እጄ ደረቀ። መጣሉ እንኳ ተረሳኝ። አባቴ መቼ እንደመጣ አላየሁም፤ ብቻ ጀርባውን አየሁ፤ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

«ልጄ ነው» አለ። ድምፁ አልጮኸም። «ድንጋይ አይደለም፣ ኳስ ነው። ኳስ ተጫዋች ነው። ዱላውንም ለጨዋታ ነው የወሰድንላቸው። በሚመጣው ወር በአውሮፕላን ሄዶ ከሌላ አገር ልጆች ጋር ይጫወታል። ወረቀቱን እኔ ራሴ ፈርሜለታለሁ።»

የጠመንጃውን አፈሙዝ ረሳሁትና የአባቴን ማጅራት አየሁ። ታላቁ አዛውንት ትከሻዬን ጨመቅ አደረጉኝ፤ እሳቸውም ሰምተዋል። በዕድሜው ሙሉ የሚያውቁት ሰው ሲዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያኔ ነው።

ወታደሩ ቀስ ብሎ ቀርቦ ኳሷን ከእጄ ወሰደ። መዘናት። አስፋልቱ ላይ ጣላት፣ ነጠረች፣ በአየር ላይ ቀለባት። ፊቱ ተፈታ።

«ገና ነው እንዴ የምትጫወቱት?»

«የዚያ ዘመድ ነው» አልኩ፣ አሰልጣኙ ይቅር ይበለኝ።

«ታዲያ ሐሙስ ገና ነው አትልም ነበር? ሆኪ፣ ሆኪ ትለኛለህ! እኔ አገሬ ላይ ገና ተጫውቼ ጥርሴ እስኪነቃነቅ!» ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አሳየን። አባቴ የተሻረውን ጎል ነገረው። «በጀርባው ቢመታስ ምን አለበት?» ብሎ ወታደሩ ከልቡ ተቆጣ። ከዚያ ክምሩ ጋ ሄዶ ሲፈልግ ቆየና አንድ ዱላ ይዞ መጣ። «ሌላውን ሻይ አፍልተንበታል» አለ፣ እያፈረ። አባቴ ተቀብሎ ለሚያነክሱት አዛውንት ሰጣቸው።

ከኬላው እስከ ቤት አባቴ ይፈጥን ነበር። ሁሉንም ቀድሞ፣ ያለ ዱላ፣ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ወጣው። ግቢያችን ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ወደ ግድግዳው ሄደው እያንዳንዱ የራሱን ዱላ አንሥቶ እንደናፈቀው ዘመድ አሻሸው። የአባቴ ወይራ ብቻዋን ቀረች። እሱ ወደ ቤት ገብቶ «ሳጥኑን ክፈቺ» ሲል ሰማሁት።

እናቴ ሳጥኑን ከፈተች። ወረቀቱን አወጣች፣ እስክሪብቶ ፈለገች። አባቴ ደጃፉ ላይ ብርሃን ባለበት ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ፊደል የቆጠረው ትልቅ ሰው ሆኖ ነው፤ ስሙን ለመጻፍ ጊዜ ይወስድበታል። የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፈ፣ ቆመ፣ ቀጠለ። ግቢ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ይጠብቁታል።

ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ ታላቁ አዛውንት ቀና ብሎ «ዋሽቼ አልነበረም» አላቸው። «ትንሽ ቀደም ብዬ ተናግሬ ነው።»